መርዶ በእንግልውድ

ኮሎራዶ፣ ኮሜርስ ሲቲ ውስጥ ከነበረኝ የመጋዘን ሥራ የወጣሁት ተባርሬ አይደለም። አንድ ቀን ጠዋት ካርቶን እያነሳሁ ሁለት ስንኝ መጣልኝ። እንዳይጠፋብኝ ጓንቴን አውልቄ ስልኬ ላይ ስጽፍ፣ እጄ ላይ የታሰረው የዕቃ መመዝገቢያ ስካነር መጮህ ጀመረ። ጥቂት ደቂቃ ዕቃ ካልነካህ ይጮሃል። ስንኞቹን ጨርሼ ጻፍኩ፣ ስካነሩን ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ወጣሁ። በኋላ ባቡር ላይ ሆኜ ሳነባቸው ስንኞቹ ጥሩ አልነበሩም።

ከዚያ በፊት ኤርፖርት ፓርኪንግ፣ ከዚያም በፊት ነዳጅ ማደያ ሠርቻለሁ። አንድ ቦታ መርጋት አይሆንልኝም። ቀጥሎ ያገኘሁት ሥራ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ መርዳት ነበር፤ ኤጀንሲው እንግልውድ ውስጥ ወዳለ አንድ ቤት ላከኝ። ወረቀቱ ላይ «ወንድ፣ ሰማንያ አራት ዓመት፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ» ይላል።

በር የከፈቱልኝ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሹራባቸውን ገልብጠው የለበሱ እንግሊዛዊ ነበሩ። ሹራቡ መገልበጡን እንዴት ብዬ ልንገራቸው? በመጀመሪያ ቀን፣ አያቴ የሚሆኑ ሰው! ዝም አልኩ። ከሰዓት በኋላ ፖስታ የምታመጣው ሴት «ሹራብዎ ተገልብጧል እኮ» ብላ ሳቀችና ሄደች። ወደ እኔ ዞሩ።

«ከጠዋት ጀምሮ አይተኸዋል?»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነውር መሰለኝ።»

«ነውሩ ለእኔ ነው ወይስ ለአንተ?» አሉኝ፣ ሳይቆጡ፣ የእውነት ማወቅ ፈልገው።

ቤታቸው በመጽሐፍ ተሞልቷል። ደረጃው ላይ፣ የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ላይ፣ እሳት ካየ ዘመን የሆነው የሳሎኑ ምድጃ ውስጥ ሳይቀር መጽሐፍ አለ። ርዕሶቹን አየሁና «ኢኮኖሚስት ነበሩ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ኧረ በጭራሽ። እኔ ኢኮኖሚስቶች የጣሉትን ለቅሜ የማነብ ሰው ነኝ።»

ሥራቸው የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክ ይባላል። ሰዎች ስለ ዋጋ፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ እህል፣ ስለ ድህነት በየዘመኑ ምን እንዳሰቡና ለምን እንዲያ እንዳሰቡ ማጥናት ነው። የተወለዱት በሰሜን እንግሊዝ፣ ዓሣ በሚጠመድባት ትንሽ የወደብ ከተማ ነው። አባታቸው ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ። ዳቦ በተወደደ ቁጥር የሰፈሩ ሴቶች አባታቸውን መንገድ ላይ ሲሰድቡ እያዩ አደጉ። አባታቸው ደግሞ ማታ ማታ ዱቄት ነጋዴውን ይሰድባሉ። ታዲያ ዋጋውን የሚያወጣው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ይዘው ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ውስጥ ማንም ገልጦ የማያያቸው የቆዩ ትንንሽ መጻሕፍት አገኙና ዕድሜያቸውን እዚያው ጨረሱት። በአርባዎቹ ዕድሜ አሜሪካዊት አግብተው ወደ ኮሎራዶ መጡ፣ አስተማሩ፣ ጡረታ ወጡ፤ ባለቤታቸውም ሞቱ። አንድ ልጅ አላቸው፤ ሌላ ስቴት ሆኖ እሑድ እሑድ ይደውላል።

ገላቸውን ሳጥብ፣ ሾርባ ሳሞቅ፣ መድኃኒታቸውን ስለይ ያወሩኛል። ሰው ለመጪው ትውልድ ይጽፋል የሚባለውን አያምኑም። «ማንም ለመጪው ትውልድ አይጽፍም። ለሆነ ሰው መልስ እየሰጠ ነው የሚጽፈው። ያ ሰው ማን እንደሆነ ካላወቅክ መጽሐፉን አላነበብከውም» ይሉኛል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው የሚያዩት ቀን ነው። ይህ መቼ ተጻፈ? ያን ቀን ጸሐፊው ምን ያውቅ ነበር? ምን ገና አልሰማም ነበር? በትንንሽ ካርዶች ላይ ቀኖችን እየጻፉ ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ኖረዋል፤ ካርዶቹ በጫማ ካርቶን ተደርድረው አልጋቸው ሥር አሉ።

ስለ ስካነሩ ስነግራቸው መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ቀና ብለው ተቀመጡና እንዲህ ነገሩኝ፤ በጥንት ጊዜ አንድ ዛሬ የተረሳ ሰው፣ ሸማኔ በመስኮት ወደ ውጭ የሚያይበት ጊዜ ከሥራው ይቆጠር ብሎ ተከራክሯል፤ እጁ ካላረፈ ክሩ ይበጠሳል፣ ስለዚህ ማየቱም ሽመና ነው ብሎ።

«ማን ረታው?» አልኳቸው።

«ማንም። በመስኮት ማየት በምን ይለካል? ስላስቸገራቸው ዝም ብለው አለፉት። የተተወ ሐሳብ ሁሉ የተሸነፈ እንዳይመስልህ።»

በዚያ ሳምንት ስለ ሸማኔው ግጥም ጻፍኩ። የማነብለት ሰው አልነበረም። ኦሮራ ውስጥ አንድ ክፍል ያከራዩኝ ሴትዮ፣ እትዬ የምላቸው፣ ሆስፒታል ወጥ ቤት ነው የሚሠሩት። ግጥም ሲባል አንድ መልስ ብቻ ነው ያላቸው፤ «ጥሩ ነው የኔ ልጅ፣ ግጥሙንም ጻፍ፣ ግን የትራክ መንጃ ፈቃዱን አውጣ።» ቤተ ክርስቲያን የማገኛቸው እኩዮቼም ስለ መኪናና ስለ ሺፍት ያወራሉ፤ አልፈርድባቸውም። ሽማግሌው ግን «በራስህ ቋንቋ አንብብልኝ» አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ሦስተኛው መስመር ላይ ትንፋሽ አጠረህ» አሉ። አንድ ቃል አልገባቸውም። ያጠረኝ ግን እውነትም እዚያው ላይ ነበር።

ስለ አንዲት ሴት የነገሩኝ ከሦስት ወር በኋላ ነው።

ሁለቱም ሃያ አራት ዓመታቸው ነበር፤ ሁለቱም እዚያው ምድር ቤት ውስጥ የሚያነቡ ተማሪዎች። በዚያ ጊዜ ምሁራን ሁሉ የሚያውቁት አንድ ነገር ነበር። ስለ እህል ንግድ የጻፈ አንድ የጥንት ሰው በመጽሐፉ የመጀመሪያ እትም ውስጥ ባላጋራውን የሚሰድብ ትልቅ ምዕራፍ አለው፤ በሁለተኛው እትም ግን ምዕራፉ የለም። ሁሉም «ሐሳቡን ቀይሯል» ብለው ጽፈዋል፤ በዚህ ላይም ብዙ ተገንብቷል። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ተቀምጠው ሳንድዊች ሲበሉ ልጅቷ «ባላጋራው እኮ የሞተው በዚያው ጸደይ ነው። ሐሳቡን አልቀየረም። ከሞተ ሰው ጋር አልሰዳደብም ብሎ ነው» አለች። እሳቸው ወደ ውስጥ ተመልሰው ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አስቀመጡ። ልክ ነበረች።

ልጅቷ ልትጽፈው አስባ ነበር። እናቷ ታመሙባትና ወደ ትውልድ ከተማዋ ተመለሰች፤ በዚያው የትምህርት ቤት አስተማሪ ሆና ቀረች። መጽሐፉን የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ ስም ያወጣላቸውም እሱ ነው። የእሷ ስም ምስጋናው ገጽ ላይ እንኳን የለም።

«ስድሳ ዓመት ተጨበጨበልኝ» አሉኝ። «አንድም ቀን አልጠየቀችኝም።»

አሁን ሴትዮዋ እንግሊዝ አገር በጠና ታመዋል። ሽማግሌው ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት አንድ ነገር ቀርቷል፤ ሐሳቡ የማን እንደነበረ በጽሑፍ አምነው፣ ሴትዮዋ በሕይወት ሳሉ እንዲያነቡት ማድረግ። ጽሑፉን በኋላ ወደ ሙያቸው መጽሔት ሊልኩት ነው። መጀመሪያ ግን ለእሷ። በዓይናቸው ምክንያት ራሳቸው መጻፍ አይችሉም፤ የማሽን ድምፅ ሲያነብላቸውም አይወዱም። እሳቸው እየተናገሩ እኔ መጻፍ፣ የሚመጣላቸውንም ኢሜይል ማንበብ ጀመርኩ።

አንድ ገጽ ለመጻፍ አምስት ሳምንት ፈጀብን። ያለቀው በሚያዝያ፣ ማክሰኞ ቀን ነው። ሌሊቱን የወረደው እርጥብ በረዶ ገና ያበቡትን ቁጥቋጦዎች ሰባብሯቸው፣ ሐምራዊው አበባ በረዶ ላይ ተኝቶ ነበር። የደብዳቤው መጨረሻ እንዲህ ይላል፤ «ሐሳቡ የአንቺ ነበር። እኔ ወሰድኩት።»

«እንዴት ነው?» አሉኝ።

አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ ስለ አንድ ጽሑፍ ማንም እንዴት ነው ብሎኝ አያውቅም። ልቤ አበጠ።

«መጨረሻው ደረቅ ነው» አልኳቸው። «ስድሳ ዓመት በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር አይዘጋም። ትንሽ ሙቀት ይጎድለዋል።»

«ገጣሚው አንተ ነህ» አሉ። «እንግዲያው አሁን አንላከው። ሐሙስ እናየዋለን።»

ባቡር ውስጥ ፈገግ እያልኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሐሙስ ሌላ መጨረሻ ሞከርን፣ አልጣማቸውም። አርብም እንዲሁ።

ሰኞ ጠዋት ኢሜይሉን ስከፍት የሴትዮዋ ልጅ ጽፋለች። ሁልጊዜ መጀመሪያ በልቤ አነባለሁ። እናቷ አርብ ዕለት ሆስፒታል ውስጥ እንቅልፍ ላይ እንዳሉ አርፈዋል። ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ሆነው ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘንብለዋል።

«ምን መጣ?»

«ማስታወቂያ ነው» አልኳቸው።

እኛ ዘንድ የሞት ወሬ ወንበሩ ላይ ለተቀመጠ ሰው እንዲህ ተወርውሮ አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል። ጎሕ ሳይቀድ ተነስተው፣ ዘመድና ጎረቤት አንድ ላይ ሆነው በር ያንኳኳሉ፤ ባለ ሐዘኑን ደግፎ የሚይዝ ሰው አጠገቡ ይቀመጣል። እናቴ የእናቷን መርዶ ስትሰማ ቤቱ ውስጥ ሰባት ሰው ነበር። ስለዚህ ሰው እስካገኝላቸው እየጠበቅኩ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ማንን ነው የማገኘው? ልጃቸው ሩቅ ነው፤ ብደውልለት በስልክ ይነግራቸዋል፣ ያ ደግሞ ይብሳል። ፖስታ የምታመጣው ሴት አለች። ከመንገዱ ማዶ ውሻውን ሲያንሸራሽር እጁን የሚያነሳ ሰውዬ አለ። ከዚያ በላይ ማሰብ አልቻልኩም። የእኔ ሞት ለማን ለማን እንደሚነገር ብቆጥርም ከዚያ ብዙ አይበልጥም ነበር።

እሳቸው ግን በየቀኑ መጨረሻውን ይፈልጋሉ። «ይህን ጻፍ» ይሉኛል፤ እጽፋለሁ። «አይ፣ እሷ እንዲህ ያለውን አትወድም፣ አጥፋው» ይሉኛል፤ አጠፋለሁ። አንድ ቀን «ይሄኔ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ይሆናል» አሉ። የማስተካክል መስዬ ኪቦርዱን ስነካካ ዋልኩ።

በአሥረኛው ቀን፣ ሐሙስ ከሥራ ስመለስ፣ ለእትዬ ነገርኳቸው። የሥራ ልብሳቸውን እያጠፉ ነበር።

«ስንት ቀን ሆነው አልከኝ?»

«አሥር።»

«አሥር ቀን! አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ? ዘመዳቸው ናት?»

«አይደለችም። በድለዋታል። ይቅርታ ሊጠይቋት እየጻፉ ነበር።»

«ወይ ጉድ! ይሄማ ከዘመድም ይብሳል» አሉና ልብሱን ትተው ግድግዳውን በቡጢ መቱ። ከግድግዳው ማዶ ታክሲ የሚነዱ፣ የመርካቶ ልጅ የሆኑ ሙስሊም ጎረቤታችን ይኖራሉ። ለሁለቱ ስልክ ማለት ይህ ግድግዳ ነው። ሰውዬው መጡ።

«ነገ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሥራ አለህ?» አሉ እትዬ።

«ምን ልታዢኝ ነው?»

«መርዶ ልናረዳ ነው። እንግልውድ።»

«ማን ሞተ?»

«አናውቃትም። ፈረንጅ ናት።»

«የሚረዳውስ?»

«እሱም ፈረንጅ ነው።»

ሰውዬው አንዴ እትዬን አንዴ እኔን አዩ። «በጨለማ የፈረንጅ በር ሄደን ልናንኳኳ? ፖሊስ ቢጠራብንስ?»

«አንተ ዝም ብለህ ንዳ።»

«እሺ። መንዳቱን እኔ፣ ማልቀሱን አንቺ።»

«እሱ መች ይጠፋኛል።»

በማግስቱ ፀሐይ ሳትወጣ ደረስን። ሰውዬው ታክሲውን ፓርክ አድርገው ኮታቸውን ቆለፉ። እትዬ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቀው ለበሱ። አንኳኳሁ። ሽማግሌው በጋቢ እና በፒጃማ መካከል ያለች አሮጌ የቤት ካፖርት ለብሰው ከፈቱ። የሚታያቸው ሦስት ጥላ ብቻ ነው፤ አንዱ ነጭ።

«ሃይማኖት ልትሰብኩኝ ከሆነ አመሰግናለሁ፣ የራሴ አለኝ» አሉ።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«በዚህ ሰዓት? እነዚህስ ማን ናቸው?»

«ጎረቤቶቼ ናቸው።»

«ቤት ተቃጠለባችሁ እንዴ? ግቡ፣ ግቡ።»

ገባንና ሽማግሌው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። እትዬ መንገዱ የተነገራቸው ይመስል ቀጥ ብለው ሄደው አጠገባቸው ተቀመጡና እጃቸውን ያዙ። ሰውዬው እጃቸውን አጣምረው መሬት መሬት እያዩ ቆሙ። ነገርኳቸው። በእንግሊዝኛ አራት ቃል ነው። እትዬ አለቀሱ፤ ለይምሰል አልነበረም፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሽማግሌው አላለቀሱም። ወደ እትዬ ዞረው «ታውቋት ነበር?» አሉ። ተረጎምኩ።

«አላውቃትም፤ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ነው በላቸው» አሉ እትዬ። ይህንንም ተረጎምኩ። ሽማግሌው እጃቸውን ሳያስለቅቁ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«የሞተችው መቼ ነው?»

«አርብ። ዛሬ ሁለት ሳምንቷ።»

«ኢሜይሉ መቼ መጣ?»

«ሰኞ።»

«የዚህ ሳምንት?»

«ያለፈው ሳምንት።»

«ደብዳቤውን የጨረስነው ማክሰኞ ነበር። በረዶ የወረደ ቀን።»

«አዎ።»

«በማግስቱ ልታነበው ትችል ነበር።»

«አዎ።»

አልጋቸው ሥር ያለውን ካርቶን ማውጣት አላስፈለጋቸውም። ቀኖቹን ደርድረው ጨርሰዋል፤ እኔም ለራሴ ያልደረደርኩት ይህንኑ ነበር። ወጉን ብጠብቅም የደበቅኩት ለወጉ ብቻ አልነበረም። ማክሰኞ ዕለት አፌን ባልከፍት ኖሮ ደብዳቤው ይደርስ ነበር። መርዶው ሲነገር ይሄም አብሮ እንደሚነገር አውቄው ነበር።

«አሥራ አንድ ቀን ለሞተች ሴት አስጻፍከኝ» አሉ።

«ምን አሉ?» አሉኝ እትዬ። አልተረጎምኩላቸውም።

ሽማግሌው ጎረቤቶቼን በር ድረስ ሸኟቸው። ሰውዬው በአማርኛ «አላህ ያጽናዎት» አሏቸው፤ ሽማግሌው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። በሩ ሲዘጋ «ተቀመጥ፤ የማክሰኞውን አውጣ» አሉኝ። አወጣሁ። «የአንቺ» የሚለውን «የእሷ» አድርግ አሉ፤ ሌላ ምንም አልነኩም። አንዱን ለሴትዮዋ ልጅ፣ አንዱን ለመጽሔቱ።

ከመላኬ በፊት፣ አሁንም ስለማላርፍ፣ «ያ የእህሉ ሰው ባላጋራው ሲሞት ዝም ብሏል። እርስዎም ዝም ቢሉ ማንም አያውቅም» አልኳቸው።

«እሱ የተወው ስድብ ነው። ስድብ ለሞተ ሰው ሲባል ይቀራል። ይሄ ግን አይቀርም። ላከው።»

ላክኩት። ሁለቱ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች በዚያ ጠዋት ምንም አልጎደላቸውም ነበር።

ኤጀንሲው ሌላ ሰው ይቀየርልዎ ወይ ሲላቸው አያስፈልግም እንዳሉ በኋላ ሰማሁ። ለምን እንዳስቀሩኝ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ገላቸውን አጥባለሁ፣ ሾርባ አሞቃለሁ። ስለ ጥንት ሰዎች ማውራቱን ግን ቀነሱ። መጽሔቱ ጽሑፉን እንደሚያወጣ በሁለት መስመር አሳወቃቸው። እሳቸው ግን የሚጠብቁት እሱን አልነበረም።

የሴትዮዋ ልጅ መልስ የመጣው በግንቦት፣ እንደ ጥጥ ያለው የዛፎቹ ዘር በየመንገዱ በሚበንበት ሰሞን ነው። ስልካቸው ላይ ስሟን እንዳየሁ «ከልጇ ነው» አልኩና አስቀድሜ በልቤ ሳላነብ፣ እንደ ቆምኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ደብዳቤው ደርሷታል። እናቷ ስለ ተማሪነት ዘመናቸው አያወሩም ነበር። የሽማግሌውን ስም እናቷ ሲጠሩ ሰምታ አታውቅም። ጽሑፉን ከእናቷ ወረቀቶች ጋር አስቀምጣዋለች።

ሽማግሌው ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ስሜን ጠርታው አታውቅም?»

«እንዲህ ነው የምትለው።»

«አንድም መስመር አልዘለልክም? ሊከፋው ይችላል ብለህ?»

«አልዘለልኩም።»

እጃቸውን ዘረጉ። «ስልኩን አምጣ።»

ሰጠኋቸው። ደህና ወደሚባለው ግራ ዓይናቸው አስጠጉት፤ ፊደሉን በጣታቸው እየዘረጉ አንድ ቃል ብቻ መስታወቱን እስኪሞላው ድረስ አሳደጉት። ቃሉን አነበቡ፣ ገፉት፣ የሚቀጥለውን ፈለጉ። መስመሩ ጠፋባቸውና እንደገና ከላይ ጀመሩ።

«ልርዳዎት?» አልኳቸው።

ቀና ሳይሉ በሌላኛው እጃቸው ዝም እንድል ምልክት ሰጡኝ። በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጬ እስኪጨርሱ ጠበቅኩ።